የእትዬ ዘነቡ ጉርሻ

ባለፈው ጥር መሐል ሜዳ ከተማ፣ በጎረቤቴ ሰርግ ላይ፣ እትዬ ዘነቡ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። የቀድሞ ባሌ የታደሰ ታላቅ እህት ናቸው። በበግ ወጥ የራሰ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ።

«እንቺ አስካለ፣ በሞቴ! ያለፈው ይለፍ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አፌን አልከፈትኩም። የእሳቸውን ጉርሻ አውቀዋለሁ።

ታደሰ ሲያገባኝ ቤታቸው ከዘመሮ አለፍ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ስለነበረች ዘመዶቹ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አይበሉም። ቡዳ ናት ይሉኛል፤ ከጓሮ ሆነው፣ ግን እንድሰማ ጮክ ብለው። «ይህን ሁሉ ያልረሳችው ቂመኛ ስለሆነች ነው» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የታደሰ አባት ማኅበር ደግሰው ነበር። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጣል። እትዬ ዘነቡ የሚጠባ ልጃቸውን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አድሮ፣ ጨርቁን በእጃቸው ጠራርገው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው አብሰው መጡ። ከዚያ ማጉረስ ጀመሩ። ከእሳቸው ጉርሻ ማንም አያመልጥም፤ «አንድ ያጣላል» እያሉ ይደግማሉ። እኔን ብቻ ዘለሉኝ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ቤተሰቡ በሙሉ ሆዱን ይዞ ወደቀ። የታደሰ አባት አጥር ተደግፈው ያስመልሳሉ፤ ታደሰ ከጓሮ አይመለስም። ደህና ሆኜ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይኸው ጥፋቴ ሆነ።

ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተሻላቸው። ከሁሉም የባሰባት የእትዬ ዘነቡ ትልቋ ልጅ ብርቄ ነበረች። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ውኃ ትለምናለች። «ያብስባታል» ብለው ከለከሏት። እኔ ተደብቄ በጣሳ አጠጣት ነበር። ሲጠማት ስሜን መጥራት ለመደች።

በርበሬና አሮጌ ቆዳ አጨሱባት። ቡዳ የበላው ሰው በጭስ ሲታፈን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። እትዬ ዘነቡ ፀጉሯን ይዘው ጭሱ ላይ ደፏት።

«ማን በላሽ? ተናገሪ!»

«አስካለ…» አለች ብርቄ። «አስካለ፣ ው…»

ውኃ እስክትል አልጠበቋትም።

ታደሰ እጆቼን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘኝ። አባቱ በሽመል፣ እትዬ ዘነቡ በዘነዘና ወረዱብኝ። የትከሻዬ አጥንት እንደ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁት። «ትፊባት! እንድትድን ትፊባት!» ይላሉ፤ ቡዳው ምራቁን ካልተፋበት የተበላው አይድንም። ተፋሁ። የወጣው ደምና የጥርስ ስባሪ ነበር። የልጅቷ ግንባር ላይ አረፈ።

ብርቄ አልዳነችም። ከመቃብሯ ሲመለሱ በድንጋይ እየወገሩ ከአገር አስወጡኝ። ታደሰ አሁን ሞቷል። ነፍስ ይማር አልልም።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ አምና፣ የልጅ ልጄን ላስከትብ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የተቅማጥ መከላከያ ጠብታ እየሰጠች ታስረዳለች። «ቫይረስ ነው፤ በዓይን አይታይም። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ልጅ ወደ እናት እጅ፣ ከእጅ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል። በሳሙና ታጠቡ። ልጁን የሚገድለው ከሰውነቱ ውኃ ማለቁ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አጠጡ።»

ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ እትዬ ዘነቡ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ተያየን። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እንግዲህ በሰርጉ ድንኳን ጉርሻው አፌ ሥር ነው።

«እጅዎን ታጥበዋል?» አልኳቸው።

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። «አይ እማማ አስካለ፣ እርስዎም ከተሜ ሆኑ!» አለ አንዱ።

እትዬ ዘነቡ አልሳቁም። ጉርሻውን መለሱት። ውኃና ሳሙና አስመጥተው ጣት በጣት ታጠቡ። እንደገና ጠቅልለው ዘረጉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው።

ይቅር በይ የሚለኝ ብዙ ነው። በእኔ አጥንት ላይ የደረሰውን ምናልባት እተወው ይሆናል። የብርቄን ጥም ግን በእሷ ፈንታ ይቅር ማለት አልችልም።

«ጠግቤያለሁ» አልኳቸው።