ፊት ያለው ዱባ

ዱባ ቦርቡሮ የሚበላውን ቆሻሻ ውስጥ ደፍቶ ቅርፊቱን በረንዳ ላይ የሚደረድር ሕዝብ ያየሁት ሲያትል ነው። የሸረሪት ድርም እዚህ በከረጢት ይሸጣል። እኛ ዘንድ ቤቷ ድር ያደራባት ሴት መንደሩ ሁሉ ያማታል፤ የእኔዋ ጎረቤት ግን ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ገዝታ፣ መሰላል ላይ ወጥታ፣ አጥሩ ላይ በገዛ እጇ ታደራዋለች። ከዚያ ደግሞ «አላማረም?» ትለኛለች።

ከፈረንጆቹ የባሱት ግን የኛዎቹ ናቸው። ከሲያትል አለፍ ብሎ ፌደራል ዌይ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሃሎዊንን፣ ልጆች ጭራቅ መስለው በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑበትን ቀን፣ የሰይጣን በዓል ነው ብሎ አወገዘ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ኮሚቴ ተቋቋመና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከረሜላ «የመኸር በዓል» ተደረገ። ስሙን ሲቀይሩበት ሰይጣን ግራ ተጋብቶ ወደ ሌላ አዳራሽ የሚሄድ መስሏቸው ነው። ልጆች ቤታቸው ያስጌጡትን ዱባ ይዘው እንዲመጡም ተነገረ።

ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ አያቷን ልሥራ አለች። ደሴ ያለችውን እናቴን በአካል አይታት አታውቅም፤ የምታውቃት ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶ ነው። እኔ ቢላውን ያዝኩ፣ እሷ አዘዘች። የፊት ጥርሷን ፍንጭት አወጣን። ግንባሯ ላይ የተነቀሰችውን መስቀልና አንገቷን የዞረውን ንቅሳት በአረንጓዴ ማርከር ሣለች። አሮጌ ከናቴራዬን ቀድዳ ሻሽ አሰረችለት። ከዚያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዱባው ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፎቶ እንዲነሳና ለአያቷ እንዲላክላት።

አዳራሹ ውስጥ የተደረደሩት ዱባዎች አበባና ቅጠል ብቻ ነበሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ የልጄን ዱባ ሲያዩ አማተቡ።

«ፊት ያለው አይቀመጥም። ደግሞ ይሄ ምን ዓይነት ጭራቅ ነው? ትናንሾቹን ያስፈራብናል» አሉና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ደሜ ፈላ። አበባ ያለበት ዱባ ጻድቅ፣ አፍንጫ ያለው ኃጥእ የሆነው በየትኛው መጽሐፍ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። በአማርኛ ሳናግራት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ይቺን ብቻ ሴትዮዋም እንዲሰሙ በአማርኛ ጠየቀች።

«ዳዲ፣ አያቴ ጭራቅ ናት?»

እትዬ ወደ ልጄ ዞሩ። ከዚያ ወደ ዱባው ጎንበስ ብለው ግንባሩ ላይ ያለውን መስቀል አዩ፣ አንገቱንም አዩ። ሲያጎነብሱ ነጠላቸው ወደ ኋላ ሸሸ። በቅንድባቸው መካከል የነጣ፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። በሌዘር የተፋቀ ንቅሳት ምን እንደሚመስል እዚህ ከተማ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እኝህም አሜሪካ ሲገቡ መስቀላቸውን አስፍቀዋል ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዱባ ላይ አገኙት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የማሽሟጠጫ ቃል እስክመርጥ ግን እሳቸው ዱባውን በሁለት እጃቸው ይዘው መልሰው ወደ እኛ አዞሩት።

«በል ቶሎ ፎቶህን አንሳ። ሰው መምጣቱ ነው፤ ከዛ መልሰህ ታዞረዋለህ፣ ኦኬ?» አሉ እኔን ሳያዩ።

ልጄ ከዱባው ጎን ቆማ ሳቀች፤ እትዬም ነጠላቸው እንደሸሸ ከኋላዋ ቆመው ነበር። አነሳሁ፤ ላክሁም። ዱባውን ግን አላዞርኩትም፤ እሳቸውም አልነኩት።

በማግስቱ እናቴ ደወለች።

«እጇ ይባረክ! ቁርጥ እኔን!» አለች። ከዚያ ድምጿ ዝግ አለ። «እኚያ ከኋላ የቆሙት ሴትዮ ግን ግንባራቸውን ምን አገኛቸው ልጄ? እሳት ነው? እግዜር ይማርዎት ብላለች በልልኝ።»