በርኖስ የለበሰው የኩሬ ጠባቂ

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከዘመሮ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬድ መንደር ተዳርኩ። የባለቤቴ አባት፣ አማቴ፣ ከምንጩ ቦይ ስበው ጓሯቸው ውስጥ ኩሬ ቆፍረው ነበር። ከእኔ በፊት ግን የዱር ዝይዎች ገብተውበታል። ሥጋቸው አይበላ፣ እንቁላላቸው አይነካ፤ ይህን የሚያውቁ ይመስል ኩሬውን ርስት አድርገው ያዙት። እየዋኙ ኩሳቸውን ይጥላሉ፣ ዳሩ ላይ እየተንጎራደዱ ይጨምሩበታል። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸት ጀመር።

ከኩሬው የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ፣ ጎረቤታችን ሽማግሌ በጎቻቸውን የሚያጠጡበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ወደ እኛ ወጡ።

«በጎቼ ውሃህን አሽትተው እየተመለሱ ነው። ወይ ዝይህን አባር፣ ወይ ኩሬህን ድፈን» አሏቸው አማቴን።

«እኔ ጠርቼ አላመጣኋቸው። የእግዜር ፍጥረት ናቸው» አሉ አማቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ። ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ የሚካኤልን ማኅበር አብረው የሚጠጡ ነበሩ። የወሩ ተራ ደግሞ የእኛ ነበር፤ የተኳረፈ ሰው ጽዋውን አይነካም። በገባሁበት ቤት የመጀመሪያዬን የማኅበር ጠላ ጠምቄ ድግሱ በኩርፊያ እንዲበላሽ አልፈለግሁም። ከዚያም በላይ ሁለቱንም እወዳቸው ነበር።

ስለዚህ በዝይዎቹ ላይ ዘመትኩ። ድንጋይ ወረወርኩ፤ አንዴ ዞረው መልሰው አረፉ። ውሻችንን ሰደድኩባቸው፤ ወንዱ ዝይ አንገቱን አስግጎ ሲመጣበት ጭራውን ቆልፎ ተመለሰ። በመጨረሻ የአማቴን አሮጌ በርኖስ ሳላስፈቅድ ከተሰቀለበት አወረድኩ። እንጨት አመሳቅዬ አለበስኩት፣ ባርኔጣም ደፋሁለትና ኩሬው ዳር ተከልኩት። ሦስት ቀን ሠራልኝ። በአራተኛው ቀን ዝይዎቹን ጥላው ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። አማቴ አይተው፣ «ከእኔ ይልቅ እሱን ወደዱት» ብለው ሳቁብኝ።

በማኅበሩ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአማቴ ጋር የበረቱን አጥር ስንጠግን ከኩሬው በኩል የሽማግሌው ድምፅ ተሰማ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፀሐይዋም ፊት ለፊት ነበረች። በርኖሱን እያናገሩ ነው።

«እንዴት ዋልክ?» አሉት። ዝም አላቸው። «አሁንም አልበረደልህም? እውነትህን ነው። ለዝይ ኩስ ብዬ ወንድሜን አኮረፍኩ። ነገ ጽዋውን ሳልነካ ብቀር የት እገባለሁ?»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። አማቴ ቀልደኛ ስለነበሩ ጉድ ያደርጓቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። የያዙትን እንጨት ጥለው ሄዱና ከበርኖሱ ጎን ቆሙ።

«እግዜር ይመስገን። አንተስ እንዴት ዋልክ?»

ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «ታዲያ እስካሁን ማንን ነው የማናግረው?»

«በርኖሴን። መልእክቱን አድርሷል።»

ተቃቅፈው ሲስቁ ዝይዎቹ ደንግጠው በረሩ። እኔ በድንጋይም በውሻም ያላገኘሁት ነገር ነው።

በማግሥቱ ጽዋው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ከማኅበሩ በኋላ ሁለቱ ሆነው ከኩሬው በላይ ሌላ ቦይ ቀደዱ፤ የምንጩ ውሃ በቀጥታ ወደ ገንዳው ወረደ። ይህ ከኩርፊያው በፊት ለማንም አልታየውም ነበር። ኩሬውን ተመልሰው ለመጡት ዝይዎች ተውንላቸው። ሽማግሌውም በዚያ ባለፉ ቁጥር አማቴን ለማሳቅ ቀድመው በርኖሱን እጅ ይነሡ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አማቴ ዐረፉ። አርባቸው ሲወጣ፣ ዝናብ የጨረሰውን በርኖስ ላነሳው ወደ ኩሬው ሄድኩ። ሽማግሌው ከታች አይተውኝ ኖሮ፣ በዱላቸው እየተመረኮዙ ቀስ ብለው ወጡ።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ገና የማወራው አለኝ።»