ቢጫ የለበሰው ማነው?

የባለቤቴ የግርማ መርዶ የደረሰኝ በፓሪስ–ኒስ አምስተኛ ቀን ነው። ግርማ ይህ የስምንት ቀን የብስክሌት ውድድር አምልጦት አያውቅም። ያን ሰሞን ግን ወንድሙን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ስለሄደ፣ እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር ቤታችን ሆኜ በቴሌቪዥን እያየሁ ውጤቱን በስልክ እነግረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አልማዝና ሁለት የማኅበር እህቶች ሳይደውሉ መጡ።

"ምነው፣ በደህና?"

"ብስክሌቱን አብረን እንይ ብለን ነው" አለች አልማዝ።

ደስ አለኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ብስክሌት ልይ ብሎ ቤታችን የመጣ ሐበሻ አልነበረም።

"ቢጫ የለበሰው ማነው?" አለች አንዷ።

"እስካሁን የሚመራው ነው። የሚያሸንፈው የስምንቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ ነው።"

"ዛሬ ቢቀደምስ?"

"ነገ አለለት" አልኳት።

አልማዝ ተነስታ ኩሽና ገባች።

የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ ተሰማ ዮርድብሩ ከሚባለው ሩቅ ሰፈር ሲደርሱ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶት ነበር። "ትንሽ ይታገሱኝ" አልኳቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ጠበቁኝ። ውድድሩ እንዳለቀ ስልኬን አነሳሁ።

"ለማን ነው ልጄ?"

"ለግርማ ነዋ! ማን እንዳሸነፈ ልንገረው።"

ስልኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። ለካ ሴቶቹ ሲጠብቁ የቆዩት መርዶውን የሚነግሩኝን እሳቸውን ኖሯል።

የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው፤ ስታስቀድሱ በጸሎት አስቡልኝ።