በነጭ ትሪ የቀናው የወንዝ ጠባቂ

ሊዮናርድ ቬን ለሠላሳ አንድ ዓመት የቲዝል ወንዝ ጠባቂ ነበር። እኔ በዚያው በኔዘርኮም መንደር ፖስታ አዳይ ስለነበርኩ፣ ጧት ጧት በብስክሌት ድልድዩን ስሻገር አገኘዋለሁ። ወይ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ በረጅም ማጭድ የወንዙን ሣር ያጭዳል፣ ወይ የተናደ ዳርቻ በካስማ ይጠግናል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ውሃውን ያያል። ዝም ብሎ ማየቱም ሥራው ነበር። ቲዝል ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ፣ ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ጥሩ ውሃ ነው። ትራውቱ ደግሞ የሰው ጥላ ካየ የሚሸሽ፣ የሚበላውን የሚያማርጥ ቅምጥል ዓሣ ነው።

እንዲህ ያለውን ዓሣ በትል አያጠምዱትም። ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥመው ዝንብ ያስመስሉና በቀጭን ዘንግ ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ችግሩ፣ ከወንዙ የሚወጣው ዝንብ በየሳምንቱ ይለያያል፤ የዚያን ቀን ዝንብ የማይመስል ከወረወሩለት ትራውቱ ዞር ብሎም አያይም። ስለዚህ ከለንደን የመጣው ሐኪምም ሆነ ጡረታ የወጣው ዳኛ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሊዮናርድ ነበር።

«ሊዮናርድ፣ ዛሬ የትኛውን እንሰር?»

እሱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሰማዩን ያያል፣ ውሃውን ያያል፣ እስኪጨንቃቸው ያስጠብቃቸዋል። ከዚያ የአጥማጆቹ ጎጆ በር ላይ በተሰቀለች ጥቁር ሰሌዳ የዝንቡን ስም በጠመኔ ይጽፋል። ያቺን ሰሌዳ ከሚስቱ ከዶሪን ቀጥሎ የሚወዳት ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ቅደም ተከተሉም ያጠራጥረኝ ነበር።

ሲስተር ሙሪየል የመጡት በዚህ መሀል ነው። የመንደራችን ነርስ ነበሩ። የግማሹን ሰው ቁስል ያጠቡ፣ የሊዮናርድንም እናት እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመሙ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። አንድ ጸደይ ላይ የወንዝ ነፍሳት አቆጣጠር ተማርኩ ብለው አንድ ነጭ ትሪ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያና አንድ መረብ ይዘው ድልድዩ ላይ ብቅ አሉ።

«ሊዮናርድ፣ ከድልድዩ በታች ያለውን ቦታ በወር አንዴ ልቆጥርበት ነው። የአጥማጆቹ ማኅበር ፈቅዶልኛል» አሉት።

«ምኑን ነው የሚቆጥሩት?»

«ጠጠሩ ሥር ያለውን። የዝንቡን እጭ፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ቅርፊታም ትንሽ የውሃ ፍጥረት። ወንዝ ሲታመም ከዓሣው በፊት የሚሞቱት እነሱ ናቸው። እኔ ትኩሳቱን ልለካ ነው።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ እያንዳንዷን በስሟ ነው የማውቃት።»

«እንግዲያው ስሟን አንተ ያዝ፣ ቁጥሯን እኔ ልያዝ።»

ያን ቀን ማረሻ በሚባለው መጠጥ ቤታችን ይህንኑ እያወራ አሳቀን። ሴትየዋ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጠጠሩን በእግራቸው እየቆሰቆሱ፣ የተነሣውን በመረብ ይዘው፣ ትሪው ላይ ገልብጠው፣ በሻይ ማንኪያ ትል ሲለቅሙ በእጁ እያሳየ አስመሰላቸው። «ክረምት ሲገባ ይተዉታል» አለ። ክረምት ገባ፤ አልተዉትም። በረዶ በጣለ ማግስትም አፍንጫቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ይባስ ብሎ ዶሪን ተቀላቀለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ወንዙ የአንተ ነው» ብላ ዳር ቆማ የኖረች ሴት፣ የጎማ ቦት ጫማ ገዝታ ገባች። ያን ዕለት ማዕድ ላይ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። ዓሣ የተጋገረበት ፓይ ቀርቧል፣ እሷ ግን ሹካዋን እንኳ አላነሣችም።

«ሊዮናርድ፣ መቶ አርባ ሽሪምፕ! ደግሞ አንዲት እጭ አለች፣ ሦስት ጭራ ያላት፣ ጎኗ ላይ ያለው ነገር እንደ ላባ የሚርገበገብ። አይተሃት ታውቃለህ?»

«ዶሪን፣ ሠላሳ ዓመት ስለ እሷ ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል። አላሳየኸኝም።»

ይቺ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰነቀረች። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሌላ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከድልድዩ በታች ካለው አኻያ ዛፍ ጀርባ ተለጥፎ አየሁት። ማዶ ሴቶቹ ትሪው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ዶሪን በሆነ ነገር ከት ብላ ሳቀች።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አልኩት።

«ሣር እያየሁ ነው።»

«ሣሩ እኮ በወዲያ በኩል ነው።»

«ስታን፣ ፖስታህን አድል!» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን በዝግታ «ቤት ውስጥ እንዲህ ስቃ አታውቅም» አለ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሻለቃ ቶርንበሪ ደግሞ የሲስተርን ቁጥር በየወሩ አሳትመው ጎጆው በር ላይ ይለጥፉ ጀመር። ቦታው ጠበበና ሰሌዳዋ ወርዳ ከመጥረጊያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። አጥማጆቹ መኪናቸውን እንዳቆሙ «የሲስተር ቁጥር ምን ይላል?» ማለት ለመዱ። ማረሻ ውስጥም ቀልዱ ዞረ። «ሊዮናርድ፣ ሲስተር ቆጥረውሃል ወይስ ከአንተ በፊት ትሪው ሞላ?» ይሉታል። እሱ ቢራውን ሳይጨርስ ይወጣል። ቆሽቱ አርሯል። እኔም እስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እንግዲህ በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ጧት ነው። ሊዮናርድ ድልድዩ ሥር ወርዶ ሳለ፣ ከማዶው ማሳ የሚመጣው ቦይ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ሽሪምፖች አየ። በጀርባቸው ተገልብጠው፣ እንደተቀቀለ ነገር ቀልተው በውሃው ይወርዳሉ። በእፍኙ ዘገናቸው። አንዷም አትንቀሳቀስም። ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ ደህና ነው፤ ከቦዩ በታች ያለው፣ ሲስተር የሚቆጥሩበት፣ ሞት ነው። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም ነበር። እሱ ግን ወዲያው ገባው። መርዝ ነው። አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አልደወለም።

ምን እንዳሰበ ከዓመታት በኋላ ሳይደባብቅ ነገረኝ። «ቅዳሜ ሲስተር ይቆጥራሉ አልኩ። ትሪያቸው ባዶ ይሆናል። ወንዙ ደህና ነው የሚለው ወረቀታቸው ገና በሩ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማን ወንዙን እንደሚያውቅ ይታያል አልኩ።» በእፍኙ የያዛቸውን ውሃው ውስጥ መልሶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ከድልድዩ በላይ ያለውን አጥር ሊጠግን ሄደ። ሐሙስን ዋለ፤ ዓርብንም እዚያው ዋለ። በዚያ ዓመት እንደ እነዚያ ሁለት ቀናት ተግቶ የሠራበት ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት ሴቶቹ ገቡ። እኔ ድልድዩ ላይ ነበርኩ። ሲስተር ሙሪየል ሦስት ደቂቃውን ቆሰቆሱ፣ መረቡን ገለበጡ። ትሪው ላይ አሸዋና ቅጠል ብቻ። ትንሽ ወረድ ብለው ደገሙት። ያው ነው። ሦስተኛውን አልሞከሩም። ዳር ወጥተው እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጡ፤ የሞተ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ትሪውን ጉልበታቸው ላይ ያዙት። ስልኩን የደወለችው ዶሪን ናት።

ከወንዝ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንጩን አገኙት። ቦዩ አጠገብ ባለ የተተወ በረት ውስጥ፣ የበግ ቅማል ማጥፊያ የያዘ አሮጌ በርሜል ሥሩ ዝጎ ተበስቶ ያንጠባጥባል። ባለቤቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ወደ አረጋውያን ማረፊያ የገባ ሽማግሌ ነው፤ በርሜሉ መኖሩንም ረስቶታል። አንደኛው ባለሙያ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ሐሙስ ወይም ዓርብ ቢነገረን ኖሮ ጉዳቱ እዚሁ ሜዳ ላይ በቀረ። አሁን ስምንት ኪሎ ሜትር ወርዷል።»

ሊዮናርድ አጠገቤ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበሩ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሻይ ተቀድቷል፤ የጠጣው ግን የለም። ሲስተር ሙሪየል ተነሥተው «ጥፋቱ የእኔ ነው። በወር አንዴ በቂ ነው ብዬ ተዘናጋሁ» አሉ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ይህ ሁሉ ትሪና ወረቀት ምን ፈየደ?» አለ። ሌላው «ድሮ በሊዮናርድ ዓይን እንተዳደር አልነበር እንዴ?» አለ። ሻለቃውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሊዮናርድ ዞሩ። «እንግዲህ ሚስተር ቬን፣ ሰሌዳዎን ወደ ቦታዋ ብንመልሳትስ?»

ለአንድ ዓመት ሲመኛት የኖረው ቃል ይቺ ነበረች። ተነሣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ቆመ።

«ሐሙስ አይቼዋለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እሱ አዞረ።

«ሐሙስ ጧት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሻለቃው «ለምን?» አሉ።

እሱ ግን የተናገረው ለሲስተር ነው። «ቀናሁብዎ ሲስተር። በትሪዎ ቀናሁ፣ በወረቀትዎ ቀናሁ። ዶሪን ከእርስዎ ጋር በምትስቀው ሳቅ ቀናሁ። ይዋረዱልኝ ብዬ ነው።»

ዶሪን ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ሲስተር ሙሪየል መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እናትህ ሲብስባት» አሉ በመጨረሻ፣ «በየትኛውም ሰዓት ትደውልልኝ ነበር። ፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ እመጣ ነበር። ለወንዙ አንዴ መደወል አቃተህ?»

ሊዮናርድ የጎጆውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማኅበሩም በዚያው ሳምንት ከሥራው አሰናበተው። ዶሪን ሶልዝበሪ ወዳለችው እህቷ ሄዳ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ስትመለስ «የመጣሁት አበቦቼን ላጠጣ ነው» አለችው። አጠጣቻቸው፤ በዚያው ቀረች። የሚነጋገሩት ግን ስለ ዳቦና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር።

እሱ የሰው አጥር እያስተካከለ ኖረ። በማረሻ በኩል እንኳ አያልፍም። ያን በጋ ከድልድዩ በታች አንድም ዝንብ አልተነሣም። ትራውቶቹ ከሱ፤ ጭንቅላታቸው ከአካላቸው ገዘፈ። ብዙዎቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ላይ ሸሹ።

ነሐሴ ላይ ሲስተር ሙሪየል የሊዮናርድን በር አንኳኩ። እኔ ደብዳቤ ላስገባ ቆሜ ነበር።

«ሊዮናርድ፣ ጉልበቴ ውሃውን አልችል ብሏል። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ና።»

«ይቅር አሉኝ ማለት ነው?»

«አላልኩም። መረብ የሚይዝ ሰው ነው የቸገረኝ። ዶሪን ትጽፋለች፣ አንተ ትቆሰቁሳለህ። ሌላ ወሬ የለም።»

ሄደ። እውነትም ሌላ ወሬ አልነበረም። ለወራት በሦስቱ መካከል የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም «ዜሮ» የሚል። በጥቅምት ሦስት ሽሪምፕ ተገኘ፤ ከላይኛው ደህና ውሃ ተንሸራተው የመጡ። ሊዮናርድ በማንኪያ አንሥቶ ለዶሪን አሳያት። ምንም ሳይል አሳያት። እሷም ቀና ብላ አየችው፤ መጀመሪያ ማንኪያውን፣ ከዚያ ፊቱን። በሚቀጥለው ዓመት የሽሪምፑ ቁጥር ስልሳ ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ዝንቡ ከውሃው እንደ ጭስ ተነሣ፤ እኔም ብስክሌቴን ጥዬ ቆሜ አየሁ። ሲስተር ሙሪየል ይቅር አልኩህ ብለውት አያውቁም። ለልደቱ ግን የራሱን የሻይ ማንኪያ ሰጡት።

ቅናቱ ለቀቀው እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። በአዲሱ ጠባቂም ይቀና ነበር፤ «ማጭድ አያያዝ አያውቅም» እያለ። ባለፈው መጋቢት ደግሞ ለዶሪን ከከተማ ደብዳቤ አመጣሁላት። ስለ ወንዝ ቆጠራ በትልቅ ስብሰባ ላይ እንድትናገር ተጠርታለች፤ ፖስታው ላይ ያለው የእሷ ስም ብቻ ነው። በማግስቱ ሊዮናርድ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

«ስታን፣ ደግሞ ያዘኝ።»

«ምን ያዘህ?»

«ያው የድሮው ነው። በዶሪን ቀናሁ።»

«እና ምን አደረግህ?»

«ምሳ ሳይደርስ ነገርኳት። ‹ዶሪን፣ ቀንቼብሻለሁ› አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ቅና፤ እየቀናህ ግን ሸሚዜን ተኩስልኝ› አለችኝ።»

«ተኮስክላት?»

«ተኮስኩላት። አንገቱ ጋ ትንሽ አቃጠልኩት» አለኝ። በስህተት ነው ብሎ ማለልኝ፤ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።