ማደግ ያቆመው እግር

«ትንሽ ታገሺ፣ ሲያድጉ ትገላገያለሽ!» እያሉ እህቴን ያታለሏት ሁሉ አሁን የት ገቡ? አንዳቸውን ባገኝ ልክ ልካቸውን በነገርኳቸው!

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ሕፃናት ሳሉማ ምን ነበረባት? ጡቷን ታጠባቸዋለች፣ ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ታለብሳቸዋለች፣ አለቀ። ትምህርት ቤት ሲገቡም ብልሃት አላጣችም። የደንብ ልብሳቸውን ስትሰፋ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፋ ታስቀርና፣ ሲረዝሙ እየተረተረች ትለቅላቸዋለች። መጽሐፉንስ በምን ትስፋው? የፈተና ክፍያውን፣ ትራንስፖርቱንስ? ትልቁ ልጅማ አሁን አንድ ድስት ለብቻው ይጨርሳል። ይብላ እንጂ፣ ታዲያ ምን ይሁን!

ጫማ ደግሞ የሚለቀቅ እጥፋት የለውም። ትምህርት ቤቱ ጥቁር የቆዳ ጫማ ያላደረገ በሩን አያልፍም ብሏል። ጥቁር ቆዳ ለጭንቅላት ምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ! ልጁን በየመንፈቁ ይጠበዋል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቱ ግን በተጠየቀች ቁጥር «ልክ ነው» ትላለች። እህቴም በየሄደችበት «እሷስ ትባረክ፣ እግሯ እንኳ ማደግ አቁሞልኛል» እያለች ትስቅ ነበር። እኛም ቂሎቹ አብረን ሳቅን።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ ልጅቷ ታነክሳለች። ካልሲዋን አስወለቅኳት። ጣቶቿ ተቆልምመዋል፣ ጥፍሮቿ ጠቁረዋል፣ ተረከዟ ተልጧል።

«ምነው ልጄ! ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እህቴ።

«ደስ ብሎሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

እህቴ ብድግ ብላ፣ ከጨርቅ በቀር ምንም የማታስነካውን መቀስ አነሳችና ያን ጫማ ቆራረጠችው። ትምህርት ቤቱን ትረግማለች፣ ጫማ ሻጩን ትረግማለች፣ ራሷን ትረግማለች። ልጅቷ እሪ አለች።

«ነገ እኮ ፈተና ነው! ምን አድርጌ ልገባ ነው?»

ደሜ ፈላ። የልጅ እግር ማደጉ ወንጀል ነው እንዴ፣ ተደብቆ የሚታደገው? እኔ አክስቷ የራሴን ጥቁር የቆዳ ጫማ አውልቄ ሰጠኋት።

«ይሰፋሻል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ እንጠቀጥቅበታለን። ለነገ ይሆንሻል» አልኳት።

እግሯን አስገብታ ቆመች። ጨርቅ አላስፈለገም። ልክክ አለላት።