የእህቴ ኪሎ

በርበሬ ሲፈጭ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ባቃጠለኝ ቁጥር ቀድማ ትዝ የምትለኝ ታላቅ እህቴ ሰናይት ናት። ቦክሰኛ ስለነበረች ኪሎዋን መጠበቅ ነበረባት፤ ስለዚህ ቂርቆስ ከቤታችን አጠገብ ወዳለው ወፍጮ ቤት ይዛኝ እየሄደች፣ ጫማዋን አውልቃ እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ትወጣ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች «ምን አጥታ ነው እንዲህ የከሳችው?» እያሉ ሲያላግጡባት እኔ በንዴት እንባዬ ይመጣ ነበር፤ እሷ ግን ቁጥሩን አይታ ትወርድና ጫማዋን ታጠልቃለች።

ክረምቱን፣ የቦክስ ክለቧ ውስጥ በኪሎ እኩያዋ የሆነች ሴት ስላልነበረች ከወንዶቹ ጋር እየተጋጠመች፣ እናቴ የምታቀርብላትን እራት ገፋ እያደረገች ከረመች። መስከረም ሲጠባ ለውጭ አገር ውድድር ተመረጠች። «ቦክስ ለሴት ምን ያደርጋል?» ሲል የኖረው አባቴ ፓስፖርቷን ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ።

ጥቅምት ላይ አሰልጣኟ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ በሰናይት ኪሎ ሴት ያስመዘገቡት አገሮች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ምድቡ መሰረዙን ነገረን። የወንዶቹ እንዳለ ነበር። አባቴ ትንሽ አሰበና «ከፍ ያለው ኪሎስ?» አለው።

«እሱ ለጊዜው አለ። በሁለት ሳምንት ከደረሰችበት ላስመዘግባት እሞክራለሁ፣ ጋሼ።»

እናቴ ገንፎውን በቅቤ፣ አጥሚቱን፣ እንቁላሉን ስታፈራርቅ፣ እኔ የራሴን ድርሻ ሳህኗ ላይ ስገለብጥ፣ ሰናይት እየተናነቃት ትውጥ ነበር። ሚዛኑ የተፈለገውን ያሳየ ቀን፣ ያላገጡባት ሴቶች ራሳቸው እልል አሉላት። በማግስቱ አሰልጣኙ ደወለ፤ ያኛውም ምድብ ተሰርዟል።

«ታዲያ ማንን ሄደን እንለምን?» አለው አባቴ። የበደለን ሰው ቢኖር ደጁ ድረስ ሄደን በጮህን ነበር፤ ግን ከየአገራቸው ባልመጡ ሴት ልጆች ላይ እንዴት ይጮኻል? ወንዶቹ ሲሄዱ ሰናይት ቦሌ ድረስ ሄዳ ሸኘቻቸው። እኔ ሌላ የማደርግላት ነገር ስላጣሁ፣ አዘጋጅታው የነበረውን ሻንጣ ፈታሁላት። ልብሶቿን ወደ ቦታቸው ስመልስ እንደዚያ ቀን አቅም አጥቼ አላውቅም።

ዛሬ ሰናይት የልጆች እናት ናት፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ቡልጋሪያ ሰፈር ሱቅ አላት። በቀደም ሱቋ ውስጥ የአንድ ትልቅ የዓለም ስፖርት ውድድር መክፈቻ በቴሌቪዥን ስናይ፣ ጋዜጠኛው የሴት ተወዳዳሪዎች ቁጥር ከወንዶቹ ጋር ሊስተካከል መድረሱን ተናገረ። ያኔ አንድ ምድብ የሚሞላ ሴት ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ በእሷ ኪሎ ለመግባት ማጣሪያ አለ። ባንዲራቸውን ይዘው የሚገቡትን ልጆች ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«መጡ እኮ» አለችኝ።

«መጡ» አልኳት።