በአንገት የሚገባ አየር

ባለቤቴ ግርማ ከሲኤምሲ ዳቦ ገዝቶ በእግሩ ሲመለስ መንገድ ላይ መቆም አያውቅም ነበር። በታመመበት ሳምንት ግን አጥር እየተደገፈ መጣ። የሳንባ ምች ነበር። ቦሌ ያለ ሆስፒታል ወሰድነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አይሲዩ ገባ። ቬንቲሌተር የሚሉት የመተንፈሻ ማሽን ተገጠመለት። ቀናት አለፉ። ከማሽኑ መላቀቅ አቃተው።

ትራኪዮስቶሚ ሠሩለት፤ ከማንቁርቱ በታች የአየር ቧንቧው ተከፍቶ አጭር ቱቦ ገባበት። ከዚያ የምታክመው ዶክተር ቬንቲሌተሩን ነቅለው፣ በአንገቱ ቱቦ በኩል ሃይ ፍሎው በሚባል በብዛት በሚፈስ ኦክስጅን እንደሚሞክሩት ነገረችኝ። «አሁን የሚተነፍሱት ራሳቸው ናቸው፤ ይሄ ያግዛቸዋል እንጂ አይተነፍስላቸውም። ከደከሙ ወደ ቬንቲሌተሩ እንመልሳቸዋለን» አለች።

ከአልጋው አጠገብ የውሃ ከረጢት ተሰቅሏል። ለሳንባ በሽተኛ ውሃ ምን ያደርጋል? ጠየቅኳት።

«እኛ የምንስበውን አየር አፍንጫችን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል። የእሳቸው ግን አፍንጫ ሳያገኘው ነው የሚገባው። ከደረቀ አክታው ጠጥሮ ቱቦውን ይዘጋል። ይሄ የኦክስጅን ማሽን ከዚህ ውሃ እየወሰደ የአፍንጫን ሥራ ይሠራል።»

አፍንጫዬን ነካ አደረግኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ፊቴ ላይ ይዤው ስዞር ሥራውን አላውቅም ነበር።

የግርማ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ግን የታያቸው ብርድ ነው። ሊጠይቁት ገብተው አንገቱን ሲያዩ ነጠላቸውን አውልቀው ሸፈኑበት። ነርሷ ሮጣ ገፈፈችው።

«እማማ፣ የሚተነፍሱት እኮ በዚህ ነው።»

«ብርድ ይመታዋላ፣ አንቺ ልጅ። ጭራሽ ደግሞ ንፋስ ትነፉበታላችሁ?»

«የሚነፋው ሞቋል። ይንኩት።»

እትዬ አስካለ አየሩ የሚመጣበትን ቱቦ ይዘው ቆዩ። «ከእኔ ቤት ይሞቃል» አሉ።

የግርማ ትከሻ ተናጠ። በቱቦው ምክንያት ድምፅ የለውም። ደነገጥኩ። ዶክተሯ ሞኒተሩን አየች፤ የኦክስጅኑ ቁጥር አልወረደም። «እየሳቁ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለ ቬንቲሌተር የሚቆይበት ሰዓት እየረዘመ፣ የአየሩ ፍሰት እየተቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ቱቦው ወጥቶ፣ ቀዳዳው በፋሻ ሥር ቀስ በቀስ ሲገጥም የሻከረ ድምፁ ተመለሰና ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታችን ገብቶ ከእህቱ ጋር ስለ መስኮት መከፈትና መዘጋት ሲከራከር ይውል ጀመር።

ከጊዜ በኋላ ልቡ ከዳውና አረፈ። የገደለው ሳንባው አልነበረም። ለእኔ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ያን አየር ያገኘው በከንቱ አልነበረም።

ዶክተሯንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። እናንተም በዚያ አልጋ አጠገብ ከቆማችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ። ቱቦውን በምንም አትሸፍኑ። አክታ ሲንኮራኮር ከሰማችሁ ነርስ ጥሩ። መልስ አይሰጥም ብላችሁም ዝም አትበሉት፤ አዋሩት። ግርማ ቤት ሲመለስ፣ ያኔ ለነገርኩት ሁሉ አንድ በአንድ መልስ ሰጥቶኛል።